«እኔ ማን ነኝ?» እያላችሁ አትፈትኑት

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎን አምድ ለእናቴ ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ይህን ግን ሳትሰማ ነው የምጽፈው።

24 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ነኝ። አባቴ 51 ዓመቱ ነው፤ አናጺ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ፎቅ ሲሠሩ የባሕር ዛፍ መወጣጫው ተሰብሮ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ስለነበር ኦፕራሲዮን ተደረገ። 19 ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። የነቃ ቀን እልልታው ቀለጠ። ክፉው ቀን አለፈ ብለን ነበር።

አሁን ዘጠኝ ወር ሆነው። ቀኝ እጁ ይደክመዋል። ንግግሩ ይጎተታል። ግን ይራመዳል። እኛን የከበደን ጠባዩ ነው። አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። አሁን በትንሽ ትልቁ ቱግ ይላል። ባለፈው እሑድ ታናሽ ወንድሜ ኳስ እያየ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። አባዬ የሽሮውን ሰሃን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማታ ስንጠይቀው ምንም አያስታውስም። ለጠያቂ ደግሞ «ትናንት ዘጌ ሥራ ውዬ መጣሁ» ይላል። ከደጅ ሳይወጣ! እማዬ «ዋሸ» ብላ በሐፍረት ትሞታለች።

እማዬ እያጎረሰች ነው የምታበላው። ሸሚዙን የምትቆልፍለት እሷ ናት። ከሰኔ ወዲህ ይጥለው ጀምሮ ኪኒን ታዞለታል። ጎረቤቶቻችን ግን «የሰው ዓይን ነው፤ ኪኒኑን አስጥላችሁ ጸበል ውሰዱት» ይላሉ። የእማዬም ልብ ወደዚያው ነው። እኔ የምሠራበትን ካፌ ትቻለሁ። ኮንትራክተሩ የመጀመሪያውን ሳምንት መድኃኒት ገዝቶ ስልኩን አጠፋ።

አባዬ ይመለሳል ወይ? ሌላም አለ። አንዳንድ ሌሊት «ያኔ ቢሞት ይሻለው ነበር» ብዬ አስባለሁ። ጠዋት ራሴን እጸየፋለሁ።

የጨነቃት ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ያንን ሐሳብ እኔም አስቤዋለሁ። ያሰብኩበትን ቦታ ሁሉ አልረሳውም፤ ጓዳ፣ ምጣዱ ሥር፣ እንጨቱ አልነድ ብሎኝ። ባሌ ሳሎን ሆኖ ስሜን ይጠራል፤ እኔ አቤት ሳልል ቁጭ ብያለሁ። የደከመ ሰው ሐሳብ ነው። አባትሽን ስለጠላሽ የመጣ አይደለም።

የዚህ አምድ የቆዩ አንባቢዎች ያውቃሉ፣ ለአዲሶቹ ልንገር። 31 ዓመት ነርስ ነበርኩ። ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ከጎንደር ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ወረታን አለፍ ብሎ ተገለበጠ። 41 ቀን አልጋ ላይ ቆየ። ነርስ ነኝና የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስለ ቁስልና ስለ ስፌት አውቃለሁ። ያ ጨዋ ሰውዬ ሌሊት ተነስቶ «ገንዘቤን የት ደበቅሽው?» ሲለኝ ምን እንደማደርግ ግን ያስተማረኝ የለም። ከሆስፒታል ስንወጣ የሰጡን የቀጠሮ ወረቀትና አንድ «አይዞሽ» ነው።

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድርተኛው ይመጣል፣ ሠልስት ይወጣል፣ ለቅሶው ቀን አለው። የናንተ ድንኳን የሌለው ሐዘን ነው። የምታውቁት አባት ሄዷል፤ ግን እዚያው መደብ ላይ ተቀምጧል። «እንኳን ተረፈ፣ ተመስገን በሉ» ይሏችኋል። ተመስገንም በሉ፣ አልቅሱም። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እናትሽም ይህን ትስማ፤ ለሷም አንብቢላት።

ይመለሳል ወይ ላልሽው፣ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ይመለሳል ብዬ አልሸነግልሽም። ግን ገና አላበቃም። አንጎል ሲጎዳ ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገደማ ነው። ከዚያ ይዘገያል። ዘገየ ማለት ቆመ ማለት አይደለም፤ ለዓመታት ይቀጥላል። ባሌ በሦስተኛው ዓመት ያገኘው ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

አባትሽን (በዕድሜ ታናሼ ነውና አንቱ አልለውም) ቱግ የሚያደርገው ክፋት አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል የኛ ፍሬን ነው። እኔና አንቺም ሰሃን መወርወር ያምረናል፤ ፍሬኑ ይይዘናል። የአባትሽ ፍሬን ላልቷል። በጊዮርጊስ አደባባይ ፍሬኑ የላላ ባጃጅ አስቢ። ሾፌሩን ብትሰድቢው ፍሬኑ አይጠብቅም። መንገዱን ነው የምታስተካክዪለት።

መንገዱ ምንድን ነው? ድምፅ፣ ግርግር፣ ድካም። የተጎዳ አንጎል ድምፅን እንደኛ አያጣራም። ቴሌቪዥኑ፣ የሕፃኑ ለቅሶ፣ የሳህን ኳኳታው፣ ሁሉም እኩል ይጮኽበታል። አንድ ደብተር ግዢ። በተቆጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረና ምን ይሰማ እንደነበር ጻፊ። እኔ ሦስት ሳምንት ጽፌ ሳነበው አፈርኩ። ሁሌም ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ጠዋት ሰው ሲጠይቀው ይውላል፣ ምሳ በልቶ አያርፍም፣ 10 ሰዓት ላይ ይፈነዳል። ከምሳ በኋላ መጋረጃ ጋርጄ ማስተኛት ስጀምር ቁጣው በግማሽ ወረደ። መድኃኒት አልጨመርኩም። ሲቆጣ ደግሞ አትከራከሩት። ልጆቹን ይዛችሁ ወጣ በሉ፣ ድምፁን አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስለ ሌላ ነገር አውሩት። ሲበርድለት «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብሎ ችሎት መቀመጥም አያስፈልግም። አያስታውሰውምና ፍርዱ ለማን ነው?

ወደ ጠያቂዎች ልምጣ። ደብዳቤሽ ላይ ብዙም አላነሳሻቸውም፤ ግን ቤታችሁን አውቀዋለሁ፣ የሁላችንም ቤት ነው። ሙዝና ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው «ታውቀኛለህ? እኔ ማን ነኝ?» ይላሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ያው ፈተና። ስታውቀው ይጨበጨባል፣ ስትስት «ወይኔ!» ተብሎ ፊትህ ላይ ይለቀሳል። እስቲ በቀን 12 ጊዜ ተፈተኚ። ባሌ አንድ ቀን የድሮ ተማሪው መጥቶ «ጋሼ፣ እኔ ማን ነኝ?» ሲለው ትክ ብሎ አየውና «አንተ ራስህን ካላወቅህ እኔ ምን ላድርግህ?» አለው። ከአደጋው ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ቆሜ ማስጠንቀቅ ጀመርኩ። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ገብተህ ስምህን ራስህ ትናገራለህ። «እኔ እገሌ ነኝ፣ አብረን ደብረ ማርቆስ ያስተማርን» ትላለህ። ከሁለት ሰው በላይ አይገባም። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ቡና ውጪ አለ። ሰው ተቀየመኝ። «ነርስነቷን ልታሳየን ነው» ያለችም አለች። ይቀየሙ። አንቺ ወጣት ስለሆንሽ ይከብድሻል፤ የሰፈሩን አንድ የተከበረ ሽማግሌ አስይዢና እሱ ይናገርልሽ።

የዘጌውም ነገር ውሸት አይደለም። የማስታወሻው ገመድ እዚህም እዚያም ተበጥሷል። አእምሮው ክፍተቱን ባገኘው ነገር ይሞላል፤ ያገኘው ደግሞ የድሮውን እውነት ነው። ዘጌ ሠርቶ ያውቃል አይደል? «ከቤት አልወጣህም» ብለሽ አታሳፍሪው። «ዘጌ የማንን ቤት ነበር የሠራኸው?» በይው። ከዚያ ቤት በር አንድ የደስ ደስ ያለው ወሬ ይወጣል፤ እናትሽም እፎይ ትላለች።

የጠዋቱን የሚረሳ ሰው የዱሮውን አጥብቆ ይይዛል። ይህንን ተጠቀሙበት። «ዛሬ ረቡዕ ነው» ብትይው ከአምስት ደቂቃ በኋላ የለም። «ነገ ሚካኤል ነው» ስትይው ግን አንድ ነገር ይያዛል፤ 12፣ 21፣ 23 ከልጅነቱ አጥንቱ ውስጥ ገብተዋልና። በዓላቱ የተጻፉበትን የግድግዳ ካላንደር እሱ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት ስቀዪ። ጠዋት ጠዋት ቀኑን ራሱ ይሰርዝ። በቀኝ እጁ። መስመሩ ቢጣመምም ዝም በሉት።

ስለ እጅ ካነሳን፣ እናትሽ ልታዝንብኝ ነው። ማጉረሷ ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንጎል መንገዱን መልሶ የሚቀደው እጁ ሲሠራ ነው፤ ደጋግሞ፣ አንድ ሺህ ጊዜ። የማይሠራ እጅ ይረሳል፣ ይኮማተራል። እኔም ስድስት ወር የባሌን ሸሚዝ ቆልፌያለሁ። አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቱ «አንቺ ነሽ ወይስ እሱ ነው የሚታከመው?» ብሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ሸሚዙን ሰጠሁትና መዳፎቼን ከጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው፤ እንዳልነካው። ሰባት ቁልፍ። የመጀመሪያውን ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። እስከ መጨረሻው ድረስ ሄዶ አንድ ቀዳዳ ጎደለው። ተሳደበ። ሁሉንም ፈታ። ጀበናዬ ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው፤ አልተነሳሁም። 22 ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ ኮሌታውን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ሸሚዙን ነክቼ አላውቅም። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ግን ገዛሁለት፤ ያ ማጭበርበር አይደለም። ለአባትሽም እንጀራውን በትንሽ በትንሹ ቁረሱና አቅርቡለት፤ ከዚያ ራሱ ይጉረስ። ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ፤ ለሐኪሙም ንገሩ።

ነርስ ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ሰው አለ፤ ፊኒያስ ጌጅ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲሠራ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ጠባዩ ግን ተለወጠ፤ ወዳጆቹ «ይህ ጌጅ አይደለም» አሉ። የተማርነው እዚህ ድረስ ነው። ቀሪውን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ያነበብኩት። ሰውየው በኋላ ቺሊ ድረስ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሰረገላ ነድቷል። ያ ሥራ ደግሞ ጥንቃቄና ትዕግሥት ይጠይቃል። አስተማሪዎቻችን ይህን ለምን እንዳስቀሩብን አይገባኝም፤ ለኔ ዋናው ነገር እሱ ነበር።

አባትሽ አናጺ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንጨት ነክቷል? መጋዝና ማሽን አትስጡት፤ የሚጥለው ሰው ነው። መሰላልም አይታሰብ። የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ቁራጭ ጣውላ ስጡት። ይፈግፍግ። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ታናሽ ወንድምሽ አጠገቡ ይቀመጥና «አባዬ፣ ወደየት አቅጣጫ ነው የሚፈገፈገው?» ብሎ ይጠይቀው። በዚያ ቤት ውስጥ አባትሽ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ሳይጠየቅ ስንት ወር ሆነው?

አሁን ሳልለሳለስ የምናገረው አለ። ኪኒኑ አይቋረጥም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል ይሁን ሌላ፣ በአንድ ቀን ሲቆም መጣሉ ብሶ ይመለሳል፤ ሳያቋርጥ ጥሎት ሊሞትም ይችላል። ጸበሉን አልቃወምም። እኔም ባሌን ወስጃለሁ፣ ከጸበሉ በኋላ ኪኒኑን በዚያው በጸበሉ ውኃ አውጬዋለሁ። ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ «ሐኪሙም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው» የሚሉ ካህን ይበዛሉ። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድም እሳቸው ለእናትሽ ቢነግሯት ከኔ ይልቅ ትሰማለች። በጀልባ ማሻገር ካለባችሁ መካከል ላይ ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው ይያዘው። ጣና ዳር ብቻውን ገላውን አይታጠብ። ማኅበር ላይ «ትንሽ ጠላ ምን አላት» የሚለውንም እምቢ በሉ።

ሲጥለው ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። በጥርሱ መሃል ማንኪያ አታስገቡ። አትጫኑት። ድንጋይና በርጩማውን ከአጠገቡ አርቁ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሲበርድለት በጎኑ አስተኙት። ሰዓት እዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስታወከ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ደግሞ ጠዋትን አትጠብቁ፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል።

ኮንትራክተሩን አትተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የሱ ጥፋት ባይሆንም። ነገር ግን ይርጋ የሚሉት የመክሰሻ ጊዜ ገደብ አለ፤ ዓመት ሳይሞላው ተንቀሳቀሱ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሆስፒታል ወረቀቶቹን፣ አብረውት ሲሠሩ የነበሩትን ሁለት ምስክሮች ስም ይዘሽ ሂጂ። ነገ እንጂ ከጥምቀት በኋላ አይደለም።

አንቺም ወደ ካፌሽ ተመለሺ። ሙሉ ቀን ካልሆነ ግማሽ ቀን። አጎቶች አሉ አይደል? የመጡት ሁሉ «የምንረዳችሁ ነገር ካለ» ብለው የሚወጡት? ቀን ስጫቸው። «ማክሰኞ ከሰዓት ያንተ ነው፤ በጣና ዳር ታራምደዋለህ» በይው። ቀን የተቆረጠለትን ነገር ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ታናሽ ወንድምሽም ልጅ አይደለም፤ ኳስ የሚያይ ሰው አባቱን ያራምዳል።

የኔ ባል የሚራመደው በዘንባባው መንገድ ነበር። ዘንባባዎቹን ይቆጥራል፤ የሒሳብ ሰው ነው። 14 ላይ ይጠፋበታል፣ ይናደዳል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቆሜ ጠበቅሁት። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ሳያቆም እስከ መጨረሻው ቆጠረና «64» አለኝ። እኔ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። 64 ነው አልኩት።

ደብዳቤሽን ሳነብ አጠገቤ ነበርና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «አናጺ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። «የኛ በርጩማ እግሩ ይወላገዳል፤ እሱ ያስተካክለው» አለኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «የማን ደብዳቤ ነው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ፤ መልሼ ነገርኩት። በርጩማውን ግን ከጓዳ አውጥቶ በሩ አጠገብ አስቀምጦታል። አድራሻሽን ላኪልኝ።